የትምህርት ቤት እድሳት ውል ወረዳ ላይ እንዲጸድቅ፦ ሜትር ከመዘርጋት እስከ ቁልፍ ርክክብ

የወረዳ ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ቁምሳጥን ቢከፈት «ትምህርት ቤታችን ስላረጀ እንዲታደስልን በትሕትና እንጠይቃለን» የሚል፣ ማኅተም የተረገጠበት ደብዳቤ በክምር ይገኛል። አብዛኛው መልስ ሳያገኝ ያረጃል። ሰው ጨካኝ ሆኖ አይደለም፤ ደብዳቤው ውስጥ የሚጸድቅ ነገር ስለሌለ ነው። ስንት ክፍል? ጣሪያው ነው ወይስ ወለሉ? ስንት ካሬ ሜትር? ስንት ብር? ይህ ካልተጻፈ ኮሚቴው እጁን የሚያወጣበት ነገር የለውም።

እኔ ደቡብ ወሎ ውስጥ በወረዳ ግዥ ሥራ ላይ ዓመታት ቆይቻለሁ። መጀመሪያ ሰነድ የምመልሰው እኔ ነበርኩ፤ ኋላ ደግሞ የልጆቼ ትምህርት ቤት የወላጅ ኮሚቴ አባል ሆኜ ሰነዴ ሲመለስብኝ ዓየሁት። ከሁለቱም ወንበር የተማርኩት አንድ ነው፦ አጽዳቂዎቹ አብዛኞቹ ትምህርት ቤታችሁን በዓይናቸው አላዩትም፤ ስለዚህ ትምህርት ቤቱ ወረቀቱ ውስጥ መግባት አለበት። የሚከተለው ለርዕሰ መምህራን፣ ለወተመህ (የወላጅ፣ የተማሪና የመምህር ኅብረት) እና ለቀበሌ የትምህርት ቦርድ አባላት የተጻፈ ነው።

መጀመሪያ ወሩን ቁጠሩ

በጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ይገባል፣ ሰኔ 30 ይዘጋል። ሰኔ 30 ድረስ ያልተከፈለ በጀት ተመላሽ ይሆናል፤ ያኔ ጣሪያው ግማሽ ተከፍቶ ቢሆንም ካዝናው አይጠብቅም።

ሁለተኛው ቀን መቁጠሪያ ዝናቡ ነው። ሌላ አገር ክረምቱን ብቻ ይፈራል፤ ወሎ ላይ በልግም አለ። ለጋምቦ፣ ደላንታ፣ ዋድላ ያለ ደጋ ትምህርት ቤት የካቲት ላይ ቆርቆሮ ካነሣ ልጆቹን በልጉ ላይ አስቀመጣቸው ማለት ነው። ጣሪያ በሰላም የሚከፈትበት ጊዜ ከጥቅምት እስከ ጥር ነው። ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ኅዳር መጀመሪያ ሳይት እንዲረከብ ጨረታው መስከረም ሳይገባ መውጣት አለበት፤ ማስታወቂያው፣ ግምገማው፣ የቅሬታው ቀን፣ የዋስትናው ቀን ተደማምሮ ሁለት ወር ተኩል ይበላል። ጨረታው ነሐሴ ላይ እንዲወጣ ልኬቱና የሥራ ዝርዝሩ ሰኔ ላይ ማለቅ አለበት። በጀቱ ሐምሌ ላይ በወረዳ ምክር ቤት እንዲጸድቅ ደግሞ ጥያቄያችሁ ያለፈው ዓመት በልግ ላይ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ገብቶ መሆን አለበት። እንግዲህ ዛሬ የሚቀዳደደው ጣሪያ የሚታደሰው በሚቀጥለው ዓመት ነው። የሚያናድድ ነው፤ ግን ይህን ያላወቀ ሰው በየዓመቱ አንድ ዓመት ይዘገያል።

ወላጅ ስትሰበስቡም የገበያውን ቀን ዕወቁ። ባቲ ላይ ሰኞ ስብሰባ የጠራ ርዕሰ መምህር ከጥበቃው ጋር ብቻውን ይሰበሰባል።

ማን ምኑን ያጸድቃል

ሰው የሚምታታው እዚህ ነው፤ «ወረዳው አጸደቀልን» ሲባል አምስት የተለያየ ነገር ሊሆን ይችላል። የወረዳ ምክር ቤት በጀቱን ያጸድቃል። ካቢኔው የትኛው ትምህርት ቤት እንደሚቀድም ይወስናል። ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ የግዥ ጥያቄውን በፊርማ ይልካል። የወረዳ ግዥ በአብዛኛው በፑል፣ ማለትም የብዙ ጽሕፈት ቤቶች ግዥ በአንድ ቦታ ተጠቃሎ፣ ስለሚሠራ ጨረታውን የሚያወጣው ገንዘብ ጽሕፈት ቤት ነው። የጨረታውን ውጤት ደግሞ የግዥ አጽዳቂ ኮሚቴ ያጸድቃል። የመሠረተ ልማት መሐንዲሱ አያጸድቅም፤ ግን ያለ እሱ ግምት አንዱም አይንቀሳቀስም። ስለዚህ አንድ ሰው «ጸድቋል» ሲላችሁ «በየትኛው ቃለ ጉባኤ?» ብላችሁ ቁጥሩንና ቀኑን ያዙ።

ልኬቱ

ቀሪው ሁሉ በዚህ ላይ ስለሚቆም እዚህ ላይ አልቸኩልም።

መሐንዲሱ ከመምጣቱ በፊት እናንተ ራሳችሁ ለኩ። አንድ ሜትር፣ አንድ ደብተር፣ አንድ ሒሳብ መምህር፣ ሁለት ረዣዥም ተማሪ ይበቃል። በብሎክ፣ በክፍል፣ በአካል ጻፉ፦ ብሎክ 2፣ ክፍል 3፣ ወለል፣ 7 በ8 ሜትር፣ ሙሉ በሙሉ የተፈረካከሰ። ብሎክ 2፣ ክፍል 4፣ መስኮት፣ ሦስት፣ መቃኑ በምስጥ የተበላ። «ወለሉ ተበላሽቷል» ከምትሉት ይህ አንድ መስመር ይበልጣል። ፎቶ አንሡ፤ ከፎቶው ጀርባ የብሎኩንና የክፍሉን ቁጥር ጻፉ። በ2013 መጨረሻና በ2014 በነበረው ጦርነት በርና መስኮታቸው የተነቀለባቸው የሰሜንና የደቡብ ወሎ ትምህርት ቤቶች የጉዳት መዝገብ ካላቸው እሱንም አያይዙ፤ አንዳንድ የመልሶ ግንባታ ድጋፍ የሚመጣው በዚያ መዝገብ ነው።

መሐንዲሱ ሲመጣ አብራችሁት ዙሩ። የሚያወጣው ቢኦኪው ማለት እያንዳንዱ ሥራ በመጠን፣ በመለኪያና በነጠላ ዋጋ የተዘረዘረበት ሠንጠረዥ ነው። ዋጋውን ለእሱ ተዉት፤ እናንተ አገላለጹን አንብቡ። «ቆርቆሮ ማልበስ» ብሎ ከተወው ጂ-28 ይሁን ጂ-32 አይታወቅም፤ ቁጥሩ ባነሰ መጠን ቆርቆሮው ይወፍራል፤ የዋድላ ነፋስ ስሱን እንደ ወረቀት ነው የሚገነጥለው። «ወለል መሥራት» ካለ ውፍረቱ ይጻፍ።

ውፍረት ስል አንድ ነገር ልንገራችሁ። አንድ ትምህርት ቤት የአራት ክፍል ወለል በኮንክሪት ተሠራ። ዝርዝሩ 10 ሳንቲ ሜትር ይላል። አንድ ክፍል 56 ካሬ ስለሆነ አራቱ 224 ካሬ፣ በ10 ሳንቲ ሲባዛ 22.4 ሜትር ኩብ ኮንክሪት ነው። ተቋራጩ አፍስሶ፣ አለስልሶ፣ እንደ መስታወት አሳምሮ አስረከበ። የወላጅ ኮሚቴው ሰብሳቢ በዕድሜ የገፉ ገበሬ ናቸው፤ መሐንዲሱን በሩ ሥር ወሰዱትና በምርኩዛቸው ጫፍ የወለሉን ጠርዝ ጫር ጫር አድርገው፣

«ልጄ፣ ይሄን ነው ዐሥር የምትለኝ?» አሉት።

«ከመሬቱ በታች የገባም አለ እኮ፣ አባባ።»

«እንግዲያ እናውጣው።»

ጠርዙ ተቆፈረ። አምስት ሳንቲ ሆኖ ተገኘ። ከ11 ሜትር ኩብ በላይ ኮንክሪት የለም፤ ክፍያው ግን በሙሉው ተዘጋጅቶ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር ወረዳ ያለ ኮሚቴ ከየት ያውቀዋል? የተያዘው ቢኦኪው ላይ «10 ሳ.ሜ.» የሚል ቁጥር ስለነበረ ብቻ ነው። ቁጥሩ ባይኖር የሽማግሌው ምርኩዝ ምንም አያደርግም ነበር።

ብዙ ጊዜ የሚረሱትን ልጥቀስ፦ አሸንዳና የውኃ መውረጃ (አዲስ ጣሪያ ያለ አሸንዳ ግድግዳውን በሁለት ክረምት ይበላዋል)፣ የድሮውን ቆርቆሮ የማንሣትና የመቁጠር ሥራ፣ ፍርስራሽ ማውጣት፣ ለአካል ጉዳተኛ ተማሪ የመግቢያ መወጣጫ፣ የሴቶች መጸዳጃ በርና መቀርቀሪያ። በተቃራኒው ዴስክና ጠረጴዛ እዚህ ውስጥ አታስገቡ። እሱ የዕቃ ግዥ ነው፤ ከግንባታ ጋር ስትቀላቅሉት ሰነዱ ይመለሳል፤ እኔም መልሼ ዐውቃለሁ።

ገንዘቡና ኮዱ

የሕንፃ ጥገና በመንግሥት ሒሳብ መደብ 6244 ላይ ይያዛል፤ መኖሪያ ያልሆነ አዲስ ሕንፃ ግንባታ ደግሞ 6323 ነው። የጥገና ገንዘብ ይዞ አዲስ ክፍል ልሥራ ማለት፣ ወይም በተቃራኒው፣ ፋይሉን መሀል መንገድ ላይ ያስቆመዋል። ጥያቄያችሁ ላይ «እድሳት» ብላችሁ ዝርዝሩ ውስጥ መሠረት ቁፋሮ ከገባ ኦዲተር ከእናንተ በፊት ያየዋል።

ከበጀቱ ሌላ የስኩል ግራንት (ለትምህርት ቤቱ የሚሰጥ ድጎማ)፣ የትምህርት ቤቱ የውስጥ ገቢ (የባሕር ዛፍና የሣር ሽያጭ)፣ የተወላጆች መዋጮ፣ ከ2015 ጀምሮ ደግሞ በ«ትምህርት ለትውልድ» ንቅናቄ የሚሰበሰበው ሀብት አለ። ወሎ ላይ ቅሬው፣ ማለትም የቀብር ዕድሩ፣ ትልቅ አቅም ነው። ለቀብር ድንኳን የሚያዋጣ ሕዝብ ለልጁ ክፍል ድንጋይ ከማቅረብ ወደ ኋላ አይልም፤ በቡናው ላይ ሸሁም ቄሱም ባሉበት ከተነገረው ይበቃል። ግን የጥሬ ገንዘቡ መዋጮ በደረሰኝ ይግባ። ድንጋይና አሸዋው ደግሞ በሜትር ኩብ ተለክቶ፣ ግምቱ ተጽፎ፣ ከቢኦኪው ላይ ይቀነስ። አለበለዚያ ሕዝቡ ያቀረበውን ድንጋይ ተቋራጩ መልሶ ይሸጥላችኋል።

የግዥው ዘዴ

ግልጽ ጨረታ መነሻው ነው። በዋጋ ማቅረቢያ፣ ማለትም በፕሮፎርማ፣ የሚገዛው በገንዘብ መጠኑ ትንሽ የሆነው ብቻ ነው፤ የገንዘብ ጣሪያው በመመሪያ ስለሚሻሻል የዓመቱን ከግዥ ቡድኑ ጠይቁ። አንዱን እድሳት «ጣሪያ»፣ «ወለል»፣ «ቀለም» ብሎ በሦስት ፕሮፎርማ መሸንሸን ክልክል ነው። ፈጠን ለማለት ብለው የሚሸነሽኑ አሉ፤ ተጠያቂነቱ ግን የፈራሚው ሁሉ ነው፣ ርዕሰ መምህሩንም ጨምሮ።

ሌላው ምርጫ ሙሉ ዋጋ ወይስ የእጅ ዋጋ የሚለው ነው። በእጅ ዋጋ ወረዳው ሲሚንቶና ቆርቆሮውን ገዝቶ ያቀርባል፣ ማኅበሩ ወይም ተቋራጩ ጉልበቱን ብቻ ይሸጣል። ርካሽ ይመስላል፤ ቆርቆሮው ኮምቦልቻ ስለሚመረት ማጓጓዣውም ለደቡብ ወሎ አይከብድም። ነገር ግን ሲሚንቶው እናንተ መጋዘን ውስጥ ነው የሚያድረው። ሞዴል 19 (የዕቃ ገቢ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ የሚገባ፣ ሞዴል 22 (የዕቃ ወጪ ደረሰኝ) ሳይቆረጥ የሚወጣ አንድ ኩንታል ቢኖር ጠያቂው ማንም ይሁን መላሹ እናንተ ናችሁ። የሚታመን ዕቃ ግምጃ ቤት ከሌላችሁ ሙሉ ዋጋ ይሻላል፤ የእኔ ምርጫ እሱ ነው።

ማስታወቂያው በበኩር ጋዜጣ ይወጣል፣ በወረዳውና በቀበሌው ሰሌዳም ይለጠፋል። የንግድ ፈቃድ፣ ቲን፣ የተቋራጭ ደረጃ፣ የጨረታ ማስከበሪያ፣ ሰነዱ የሚሸጥበት ቦታ፣ ሳጥኑ የሚታሸግበትና የሚከፈትበት ሰዓት ይጻፍበታል። ከትምህርት ቤቱ አንድ ነገር ብቻ እለምናችኋለሁ፦ «ተጫራቾች ሳይቱን በራሳቸው ወጪ አይተው እንዲሞሉ» የሚለው መስመር መግባቱን አረጋግጡ፤ የመጣውንም በትሕትና አስጎብኙ፣ ስሙን መዝግቡ። መንገዱን ያላየ ተቋራጭ ደሴ ቁጭ ብሎ ዋጋ ይሞላና አሸዋው በአህያ እንደሚመጣ ሲያውቅ ሥራውን ጥሎ ይጠፋል።

ሳጥኑ ሲከፈትና ኮሚቴው ሲቀመጥ

መክፈቻው በግልጽ ነው፤ ዋጋው ይነበባል፣ ስርዝ ድልዝ ካለ ፓራፍ (አጭር ፊርማ) መኖሩ ይታያል። የወተመህ ተወካይ በታዛቢነት እንዲገኝ በደብዳቤ ጠይቁ።

ገምጋሚዎቹ መጀመሪያ ሰነድ ያጣራሉ፣ ከዚያ የሒሳብ ስህተት ያርማሉ። ነጠላ ዋጋና ድምሩ ካልተስማሙ በተለመደው አሠራር የሚጸናው ነጠላ ዋጋው ነው። ለአጽዳቂ ኮሚቴው የሚቀርበው የውሳኔ ሐሳብ ከተመለሰ ብዙውን ጊዜ በሦስት ነገር ነው፦ አሸናፊው ከመሐንዲሱ ግምት በጣም ዝቅ ወይም ከፍ ብሎ ማብራሪያ የለውም፤ የወደቀው ተጫራች በምን እንደወደቀ በሰነዱ አንቀጽ አልተጻፈም፤ የበጀት ማረጋገጫው አልተያያዘም። በተለይ ዝቅተኛው ላይ ጠንከር በሉ። ገበያው ላይ ሲሚንቶ ከሚሸጥበት በታች የተሞላ የኮንክሪት ዋጋ ስጦታ አይደለም፤ ወይ ውፍረቱ ይሰረቃል ወይ ሥራው ይቆማል።

ጥሩ ቃለ ጉባኤ እንዲህ ያለ መስመር አለው፦ «ተጫራች ቁጥር 2 የጨረታ ማስከበሪያውን በሰነዱ በተጠየቀው መልክ ስላላቀረበ ከውድድር ውጭ ሆኗል፤ ተጫራች ቁጥር 4 የተጠየቀውን አሟልቶ ዝቅተኛውን የታረመ ዋጋ ስላቀረበ፣ ዋጋውም ከተያዘው በጀት ስላልበለጠ፣ እንዲጸድቅ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል።» ምክንያት፣ ማስረጃ፣ ውሳኔ። «የተሻለ ሆኖ ስላገኘነው» ብቻ የሚል ቃለ ጉባኤ ቅሬታ ሲመጣ የሚቆምበት እግር የለውም።

ውጤቱ ለሁሉም ተጫራች በእኩል ይገለጻል። የቅሬታ ማቅረቢያው ቀን ሳያልቅ ውል አይፈረምም። ከላይ «ፍጠኑ» የሚል ስልክ ቢመጣም።

ውሉ

የመንግሥት መሥሪያ ቤት የሚገባው ውል በጽሑፍ መሆን እንዳለበት የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 1724 ይደነግጋል። ይህን የምጠቅሰው ለአንድ የተለመደ ጥፋት ነው፦ ርዕሰ መምህሩ ሥራው መሀል ላይ ተቋራጩን «እግረ መንገድህን አጥሩንም ነካ ነካ አድርገው» ይለዋል። እሱም ይነካካል። በመጨረሻ ሒሳብ ሲጠይቅ በጀትም ውልም የለም። ተጨማሪ ሥራ ካስፈለገ በመሐንዲስ ተለክቶ፣ በጽሑፍ ተጠይቆ፣ ሥራው ሳይጀመር ይጽደቅ።

ውሉ ከመፈረሙ በፊት የፍትሕ ጽሕፈት ቤት ዐቃቤ ሕግ እንዲያየው አድርጉ። እናንተም እነዚህን ፈልጉ፦ ቢኦኪውና ስፔሲፊኬሽኑ የውሉ አካል መሆናቸው፤ የውል ማስከበሪያው (ብዙ ጊዜ የውሉ 10 በመቶ)፤ ሥራው የሚጀመርበትና የሚያልቅበት ቀን በቁጥር፤ የመዘግየት ቅጣት፤ ከአቅም በላይ የሆነ ችግር ሲደርስ በስንት ቀን ውስጥ በጽሑፍ እንደሚታወቅ፤ መንገድ በየጊዜው በሚዘጋበት በዚህ ዘመን ይህ አንቀጽ ጌጥ አይደለም። ትምህርት እየተሰጠ ስለሚሠራ «አንድ ብሎክ ተጠናቆ ሳይረከብ ሁለተኛው አይከፈትም» የሚል መስመርም አስገቡ። እኛ ጋ ይህን ያላስገባንበት ዓመት አራት ክፍል በአንድ ቀን ተገለጠና ልጆቹ ዋርካ ሥር ከረሙ።

ክፍያውን በምሳሌ እንየው። ውሉ 1,800,000 ብር፣ ቅድመ ክፍያው 30 በመቶ ቢሆን 540,000 ብር በቅድመ ክፍያ ዋስትና ይወጣል። ተቋራጩ የ600,000 ብር ሥራ ሠርቶ የክፍያ ሰርተፊኬት ሲያቀርብ ከቅድመ ክፍያው 180,000 ይመለሳል፣ ለመያዣ 5 በመቶ ማለትም 30,000 ይቀራል፣ ታክሱን ሳንቆጥር 390,000 ይከፈለዋል። ይህን ስሌት ለወላጅ ኮሚቴው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጽፋችሁ አሳዩ። «ግማሹን በልቶ ጠፋ» የሚለው ወሬ አብዛኛው የሚነሣው ቅድመ ክፍያ ምን እንደሆነ ካለማወቅ ነው።

ሳይቱ ላይ

አንድ መምህር መድቡና ዕለታዊ መዝገብ ይያዝ፦ ስንት ሠራተኛ መጣ፣ ስንት ኩንታል ተቦካ፣ ዝናብ ነበር ወይ፣ መሐንዲሱ መጥቷል ወይ። መዝገቡ ክርክር ሲነሣ ከማንም ምስክር ይበልጣል።

የወንዝ አሸዋ ሲመጣ መኪናው ሳያራግፍ ፈትኑት። ግልጽ የውኃ ፕላስቲክ ሲሶውን አሸዋ፣ ቀሪውን ውኃ ሙሉና ናጡት፤ አንድ ሰዓት አቁሙት። አሸዋው ከታች ይተኛል፣ ጭቃው ከላይ ይጋገራል። የጭቃው ሽፋን ጣት የሚያክል ከሆነ መሐንዲሱ ሳያየው አይራገፍ። የጎርፍ አሸዋ ከወንዙ ሲወጣ ንጹሕ ይመስላል፤ ጠርሙሱ ነው የሚያጋልጠው። የስምንተኛ ክፍል ልጆችም ይህን መሥራት ይወዱታል፤ ለሳይንስ ክፍለ ጊዜ ይሆናል።

የድሮውን ቆርቆሮና እንጨት ቆጥራችሁ ተረከቡ። የመንግሥት ንብረት ነው፤ «ለጥበቃው ይሁን» አይባልም።

ርክክቡ

ጊዜያዊ ርክክብ ላይ ኮሚቴው ቢኦኪውን በእጁ ይዞ በየመስመሩ ይዙር። በር ሁሉ ይከፈት ይዘጋ። ቁልፍ በክፍል ቁጥር ይታሰር። ጉድለት ከተገኘ በዝርዝርና በቀን ገደብ ይጻፍ። ከዚያ የጉድለት ማረሚያው ጊዜ ይቆጠራል፣ ብዙ ጊዜ አንድ ዓመት፤ የተያዘው ገንዘብም እስከዚያ እንደ ውሉ ይቆያል።

በዚያ ዓመት ውስጥ አንድ በልግና አንድ ክረምት አለ። ሐምሌ ላይ ትምህርት ቤቱ ቢዘጋም ጥበቃው ዶፍ በጣለ ቁጥር በየክፍሉ ይግባ፣ የሚያፈሰውን ቦታ ወለሉ ላይ በጠመኔ ያክብበው፣ ርዕሰ መምህሩ ፎቶ ያንሣው። መስከረም ላይ ክቦቹ ተቆጥረው ለገንዘብ ጽሕፈት ቤትና ለተቋራጩ በደብዳቤ ይድረሱ። እነሱ ሳይደፈኑ ለመጨረሻ ርክክብ ፈርሙ የሚል ሰው ቢመጣ ቡና አፍሉለት፣ ክፍሎቹን አስጎብኙት፣ እስክሪብቶውን ግን አትቀበሉት።